የላም መድን ምዝገባ በድንገት ሲወርድ ምክንያቱን እንዴት እናገኛለን?

ወር ሲዘጋ ሪፖርት ይመጣል። አዲስ የገባው ደንበኛ ካለፈው ወር ግማሹ ብቻ ነው። ወዲያው ስብሰባ ይጠራል። አንዱ «አረቦኑ (ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለው ገንዘብ) ተወዶባቸዋል፣ እንቀንስ» ይላል። ሌላው «በሬዲዮ እናስነግር» ይላል። ሦስተኛው ወኪሎቹን ይወቅሳል። ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ቁጥሩ በየትኛው ወረዳ፣ በማን በኩል፣ ከምዝገባው በየትኛው እርምጃ ላይ እንደወረደ ገና ማንም አላየም።

ይህን የምጽፈው ሰሜን ሸዋ ውስጥ የወተት ላም መድን ለሚሸጡ ሰዎች ነው። ለቅርንጫፍ ኃላፊዎች፣ ለወኪሎች፣ ለወተት ማኅበራትና ለብድርና ቁጠባ ሠራተኞች። ደጋው ላይ፣ ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው መስመር፣ አንዲት የፈረንጅ ላም ብዙ ቤት ታስተዳድራለች። ስትሞት የልጅ ደብተርም የቤት አስቤዛም አብሮ ይጎድላል። ስለዚህ ምዝገባ ሲወርድ የሚጎዳው የእኛ ዕቅድ ብቻ አይደለም። ዋስትና የሌለው ቤት በየቀበሌው እየበዛ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። ምክንያቱ ሳይታወቅ አረቦን አይነካም። አረቦን መቀነስ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መልሶ መጨመር ግን ደንበኛ ያስኮርፋል። ደግሞም ካሳ የሚከፈለው ከዚያው ገንዘብ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ሆኖ ዋጋ ከቀነሳችሁ ችግሩም አይፈታም፣ ካዝናውም ይሳሳል።

ከዚህ በታች በዘጠኝ ደረጃ የማስቀምጠው ዘዴ ለበግም ለፈረስም ይሠራል። በውጭ አገር የውሻና የድመት መድን የሚሸጡትም ምዝገባ ሲወርድባቸው በዚሁ መንገድ ሊፈትሹት ይችላሉ። የእነሱ ሥራ ራሱ ከከብትና ከፈረስ መድን የወጣ ነው። ስዊድን ውስጥ የመጀመሪያው የውሻ መድን በ1924 እ.ኤ.አ. ሲሸጥ የከብቱ መድን ቀድሞ ነበር።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ወርዷል ወይ?

መጀመሪያ «አዲስ ደንበኛ» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ነው የሚቆጠረው ወይስ ላም? ሦስት ላም ያስመዘገቡ አንዲት እናት አንድ ናቸው ወይስ ሦስት? ውሉን ያደሰ ሰው ባለፈው ወር ከአዲሶቹ ጋር ተደምሮ ይሆን? ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ሰው ተቀይሮ አቆጣጠሩ አብሮ የተቀየረበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሁለቱም ወር በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ከጥሬ መዝገቡ ድጋሚ ቁጠሩ።

ቀጥሎ ቀኑን ተመልከቱ። ቅጹ የተሞላበት ቀን፣ ገንዘቡ የገባበት ቀንና ውሉ የወጣበት ቀን ይለያያሉ። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ውል የወጣላቸውን ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁልጊዜ ያነሱ ሆነው ይታያሉ። ሰዎቹ አሉ፤ ወረቀታቸው ነው ያላለቀው። ስለዚህ ቅጽ የጀመሩትን ሁሉ በጀመሩበት ቀን ቁጠሩ።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። ሲስተሙ በፈረንጅ ወር ይቆጥራል፣ የወኪሉ ደብተር በእኛ። መስከረምን ከሴፕቴምበር ጋር ማወዳደር የተለያየ ቀን ማወዳደር ነው። ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናት። ለብቻዋ ወር ሆና ከተቀመጠች ትወድቃለች፣ ነሐሴ ላይ ከተደመረች ነሐሴን ታሳብጠዋለች። በወር ከመቁጠር በሳምንት መቁጠር ይሻላል።

ከዚያ ተራውን መዋዠቅ ለዩ። እንዲህ አድርጉ፦ በተለመደው ሳምንት የሚገባውን ሰው ቁጥር ውሰዱ፣ ካሬ ሥሩን አውጡ፣ በሁለት አባዙት። በሳምንት 25 ሰው የምትመዘግቡ ከሆነ ካሬ ሥሩ 5 ነው፣ እጥፉ 10። ስለዚህ ከ15 እስከ 35 ያለው እንዲያው የሚመጣ የሚሄድ ነው። አንድ ሳምንት 17 ስለሆነ ሰው አይወቀስም። 9 ከሆነ ግን፣ ወይም ለአምስት ሳምንት በተከታታይ ከ25 በታች ከሆነ፣ አንድ ነገር አለ።

አንዳንዴ ደግሞ ያልተለመደው ያለፈው ወር ነው። አንድ የወተት ማኅበር አባላቱን በጅምላ አስመዝግቦ፣ ወይም አንድ ፕሮጀክት የአረቦኑን ግማሽ ደጉሞ ይሆናል። እነሱን ቀንሳችሁ እዩት። ቀሪው ቁጥር ካልተነቃነቀ ሥራችሁ እዚህ አለቀ።

ደረጃ 2፦ የወቅቱን ድርሻ ቀንሱ

በእኛ አገር የወተት ገንዘብ ከጾም ጋር ይወጣል ይወርዳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ወተት ሳይሸጥ ሲቀር አረቦን ከየት ይመጣል? ላሚቱ ግን በጾምም ፉርሽካዋን ትበላለች። የመኖ ወጪ አለ፣ ገቢ የለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የዘንድሮን የካቲት ከአምናው የካቲት ጋር ሲያወዳድሩ ነው። ሁዳዴ ቀኑ ይቀያየራል። በ2016 ዓ.ም. የገባው መጋቢት 2 ነበር። የካቲት ሙሉው ከሁዳዴ ውጭ ነበር ማለት ነው። በ2017 የገባው የካቲት 17፣ በ2018 ደግሞ የካቲት 9 ነው። የካቲት 2017ን ከየካቲት 2016 ጋር ያወዳደረ ሰው ምንም ሳይበላሽ «ወደቅን» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሳምንቶቹን ከፋሲካ ወደ ኋላ ቁጠሯቸው፦ ከፋሲካ በፊት ያለው አራተኛ ሳምንት ከአምናው አራተኛ ሳምንት ጋር ይወዳደር።

ሌሎቹም ይታወቃሉ። ክረምቱ ሲቃረብ የማዳበሪያ ክፍያ አለ። መስከረም የትምህርት ቤት ወጪ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ወኪሎች ዕቅድ ለመሙላት ሰኔ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ሐምሌ ላይ ያርፋሉ። ሐምሌ ላይ የታየ መውረድ ከሰኔው ጋር ተደምሮ ለሁለት ተካፍሎ ይታይ።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን በወረዳ፣ በወኪልና ሰው በመጣበት መንገድ ከፋፍሉ

አጠቃላይ ድምር ምንም አይናገርም። ወረቀት ላይ ሦስት ሰንጠረዥ ሥሩ። አንዱ በወረዳና በቀበሌ፣ አንዱ በወኪል፣ አንዱ ሰውዬው በየት በኩል እንደመጣ። በማኅበር ነው፣ በብድር ነው፣ በእንስሳት ሐኪም ምክር ነው፣ ወይስ ራሱ ቅርንጫፍ መጥቶ?

አነባበቡ እንዲህ ነው። ሁሉም ወረዳ በአንድ ሳምንት አብሮ ከወረደ ምክንያቱ ከላይ ነው፦ ሲስተም፣ የዋጋ ለውጥ፣ አዲስ መመሪያ። ባሶና ወራና እንደነበረ ሆኖ አንጎለላና ጠራ ብቻ ከወረደ ምክንያቱ እዚያው ነው፦ ወኪል፣ በሽታ፣ የካሳ ቅሬታ። በሁሉም ወረዳ በብድር የሚመጡት ብቻ ከጠፉ አበዳሪው ጋ ደውሉ። ላም ለመግዣ የሚሰጥ ብድር መድንን ግዴታ ካደረገ፣ ብድሩ የቆመ ቀን ምዝገባውም ይቆማል። ከገበሬው ፍላጎት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ደጋውንና ቆላውንም አትቀላቅሉ። ሸዋ ሮቢትና መንዝ አንድ ገበያ አይደሉም። መንዝ ላይ ሀብቱ በግ ነው፤ የላም መድን እዚያ ድሮም ጥቂት ከሆነ ከ6 ወደ 2 መውረዱ ለብቻው ወሬ አይደለም።

ወኪሉ መንገድ በጸጥታ ችግር ተዘግቶበት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ የቆየበትን ቀን ለይታችሁ ጻፉ። ያልተጓዘበት ሳምንት በዜሮ መቆጠር የለበትም፤ ባዶ ይተው። ቁጥር ለማምጣት ብሎ ሰው አደጋ ውስጥ የሚገባበት አሠራር ካለ ዛሬውኑ ይቁም። አንድ ወኪል ዝም ካለም ከመውቀስ በፊት ጠይቁት። ታሞ ይሆናል፣ ኮሚሽኑ ሳይከፈለው ቆይቶ ይሆናል፣ የሥራ ፈቃዱ ጊዜ አልፎበት ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ከጠያቂ እስከ ከፋይ ያለውን መንገድ ቁጠሩ

አንድ ሰው እስኪመዘገብ አራት በር ያልፋል። ይጠይቃል፣ ቅጽ ይጀምራል፣ የእንስሳት ሐኪም ላሚቱን አይቶ የጆሮ ቁጥር ያስርላታል፣ ከዚያ ይከፍላል። በየበሩ ስንት ሰው እንዳለፈ ቁጠሩ።

ለምሳሌ እንዲህ ነው እንበል። ጥቅምት ላይ 400 ሰው ጠየቀ፣ 200 ቅጽ ጀመረ፣ የ150ዎቹ ላም ታየች፣ 120 ከፈሉ። ኅዳር ላይ 390 ጠየቀ፣ 195 ጀመረ፣ የ70ዎቹ ብቻ ታየች፣ 60 ከፈሉ። ከ120 ወደ 60፤ ምዝገባው በግማሽ ወረደ።

አሁን በሮቹን እዩ። የሚጠይቀው ሰው አልቀነሰም፤ ማስታወቂያ አያስፈልግም። ጥቅምት ላይ ላማቸው ከታየች ሰዎች ከየ100ው 80ው ከፈሉ። ኅዳር ላይ ከየ100ው 86 ያህሉ ከፍለዋል። ዋጋ ቢያስፈራቸው ኖሮ እዚህ ላይ ነበር የሚሸሹት። የተሰበረው ሦስተኛው በር ነው። ሐኪሙ የለም። ምናልባት የወረዳው የክትባት ዘመቻ ላይ ነው፣ ምናልባት የጆሮ ቁጥሩ ማሰሪያ አልቋል፣ ምናልባት አበሉ ቀርቷል። አረቦን መቀነስ እዚህ ላይ ምን ይረዳል?

በየበሩ የሚቆጠር መዝገብ ከሌላችሁ ከወኪሎቹ ደብተርና ከሐኪሙ መዝገብ ሰብስቡት። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ደረጃ 5፦ ራሳችሁ ተመዝገቡ

የተሰበረው በር ቅጹ ወይም ክፍያው ከሆነ ወንበር ላይ ሆኖ መገመት አያዋጣም። ስልክ ይዛችሁ ከወኪሉ ጋር ጫጫ ውረዱ፣ ሳሪያ ሂዱ። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ቦታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስመዝግቡ። የሚከተሉትን በተለይ ሞክሩ።

በ07 የሚጀምር ቁጥር አስገቡ። ቅጹ 09 ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ከሆነ የሳፋሪኮም ደንበኛ ሁሉ ደጅ ይቀራል።

የፋይዳ ቁጥር ግዴታ ተደርጎ እንደሆነ እዩ። ባለ 12 አሃዝም ባለ 16 አሃዝም ቁጥር አለ። ቅጹ አንዱን ብቻ ጠብቆ የትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ሰው ሦስቴ ሞክሮ ይተዋል።

የማረጋገጫ ኮዱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ በሰዓት ያዙ። ኮዱ ከመድረሱ በፊት ጊዜው የሚያልፍ ከሆነ ማንም አይመዘገብም።

በቴሌብር ክፈሉ፤ በአፑም በ*127#ም። ከዚያ ቢሮ ተመልሳችሁ «የከፈለ፣ ውል ያልወጣለት» የሚል ዝርዝር አስወጡ። እዚያ ዝርዝር ላይ ሰው ካለ የጠፋው ደንበኛ ሳይሆን ክፍያውን ከውሉ ጋር የሚያገናኘው ሥራ ነው። ለእነዚህ ሰዎች በዚያው ቀን ደውሉ። ከፍለዋል፤ ላማቸው ዛሬ ብትሞት ምን ልትሏቸው ነው?

በጣም የምፈራው ግን የላሚቱን የትውልድ ዓመት የሚጠይቀውን መስመር ነው። ገበሬው «2012» ብሎ ያስገባል፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቱ ነው። በ2018 ዓ.ም. ላሚቱ የ6 ዓመት ገደማ ናት፣ ደህና የምትታለብ። ሲስተሙ ግን በፈረንጅ ያነበዋል። በእሱ ሂሳብ ላሚቱ 13 ወይም 14 ዓመቷ ነው። የዕድሜ ጣሪያው 10 ከሆነ ወዲያው ይጥላታል። ሰውዬው የሚያየው «አልተቀበለም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ወኪሉም አያውቅም። ከመስመሩ አጠገብ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍና ሲስተሙ ራሱ እንዲቀይር ማድረግ ይበቃል። በዕድሜ ምክንያት የወደቁትን ሁሉ ዝርዝር አስወጡና ዓመቶቹን እዩ። አብዛኞቹ ሊድኑ ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ የካሳውን መዝገብ ክፈቱ

ምዝገባው የወረደው በተወሰኑ ቀበሌዎች ከሆነ ወደዚህ ኑ። መድንን የሚሸጠው የተከፈለ ካሳ ነው። የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ላይ ሰው በየማለዳው ይገናኛል። እድር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ገበያ አለ። አንድ ሰው ላሙ ሞታ ገንዘቡን ከተቀበለ በሳምንቱ አካባቢው ያውቃል። ከተከለከለም እንደዚያው፣ እንዲያውም ቶሎ።

ያለፉትን ሦስት ወራት የካሳ ጥያቄዎች በሙሉ ዘርዝሩ። ቀበሌው፣ ሞቱ የተነገረበት ቀን፣ ውሳኔ የተሰጠበት ቀን፣ ብሩ እጅ የገባበት ቀን፣ ውድቅ ከሆነም ምክንያቱ። ከምዝገባው ሰንጠረዥ ጎን አስቀምጡት። በአንድ ቀበሌ ካሳ ውድቅ ከሆነ ወይም ከዘገየ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምዝገባው ከጠፋ፣ ጎረቤቱ ቀበሌ ግን ደህና ከሆነ፣ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ውድቅ የተደረጉትን አንድ በአንድ አንብቡ። የጆሮ ቁጥሩ ወልቆ ይሆን? አጥር ላይ ተጠልፎ መውለቁ ያለ ነገር ነው፤ ፎቶና የላሚቱ ቀለም በመዝገብ ካለ በዚያ መለየት ይቻላል። ዘግይቶ አሳወቀ ተብሎ ይሆን? የሞተችው ቅዳሜ ማታ ከሆነ፣ ስልክም ካልሠራ፣ ሰኞ መምጣቱ መዘግየት ነው ወይ?

አንድ ነገር ደግሞ በልዩ ትኩረት ይታይ። ውሉ የሞቱን ምክንያት በድኑ ተከፍቶ እንዲረጋገጥ የሚጠይቅ ከሆነ አባ ሰንጋ ላይ ይጋጫል። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድን አይከፈትም። ሲከፈት ጀርሙ አየር አግኝቶ ስፖር፣ ማለትም በቀላሉ የማይሞት ዘር፣ ይሆናል፤ አፈር ውስጥም ለብዙ ዓመት ይቆያል። ሐኪሙ አልከፍትም ማለቱ ትክክል ነው። በዚያ ምክንያት ካሳ የተከለከለ ሰው ካለ ጥፋቱ የውሉ ነው፤ ውሉ ይስተካከል፣ ሰውዬውም ይካስ።

በሽታ በተነሳበት ወረዳ ዋናው መሥሪያ ቤት ሽያጭ አስቁሞ እንደሆነም ጠይቁ። ይህ ትእዛዝ አደጋን ለሚገመግመው ክፍል ተልኮ ለሽያጭ ክፍል ሳይነገር ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 7፦ ጀምረው የተዉትን አነጋግሩ

ስምንት ወይም አሥር ሰው ይበቃል። «ለምን አልገቡም?» ብላችሁ አትጠይቁ። የሸዋ ሰው ይሉኝታ አለው። ፊት ለፊት «አላመንኳችሁም» አይላችሁም፤ «ብር አጥሮኝ ነው» ይላል። እናንተም «አየህ፣ ዋጋው ነው» ብላችሁ ትመለሳላችሁ።

የሆነውን ጠይቁ። «እትዬ፣ ያን ቀን ቅጹን ጀምረው ነበር። ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ዝም በሉ።

«እንዴ፣ ብርም አልነበረኝ፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ። ሰፈር ውስጥ ሰው ስለዚህ መድን ምን ይላል?»

«ምን ይላል... ያችኛዋ ጎረቤቴ ጥጃ ስትወልድ ላሟ ሞተችባት። ሦስት ጊዜ አመላለሷት አሉ። በኋላ ተወችው።»

መልሱ ሁለተኛው ላይ ነው። ስለ ጎረቤት ሲጠየቅ ሰው ይናገራል። የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፉት፣ በእናንተ የሪፖርት ቋንቋ አትቀይሩት። ጠያቂው ደግሞ ያንኑ መድን የሸጠላቸው ወኪል ባይሆን ይመረጣል።

የተሳሳተ ግምት ካለም እዚህ ይወጣል። ቦረና ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የእንስሳት መድን በሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ እያየ በድርቅ ጊዜ የሚከፍል ነው። ስለ እሱ የሰማ ሰው የእናንተም እንዲሁ ይከፍላል ብሎ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ላሚቱ ስትሞት ከሆነ የሚከፍለው በግልጽ ተናገሩ።

ደረጃ 8፦ አሁን ዋጋውን እዩ

ሰዎች ሁሉንም በር አልፈው ክፍያው ላይ የሚመለሱ ከሆነ፣ በሁሉም ወረዳ እንዲሁ ከሆነ፣ ዋጋው ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብዙ ነገር ዋጋ ተቀይሯል። አረቦኑ ከላሚቱ ግምት በመቶኛ የሚሰላ ከሆነ፣ መቶኛው ሳይነካም ክፍያው ያድጋል። 5 በመቶ ቢሆን ለ100 ሺህ ብር ላም 5 ሺህ፣ ለ160 ሺህ ብር ላም 8 ሺህ ነው።

በተቃራኒውም ይከሰታል። የካሳው ጣሪያ ድሮ በተቀመጠው 80 ሺህ ብር ላይ ቆሞ የላም ዋጋ እጥፍ ከሆነ፣ ገበሬው ቢከፈለውም ሌላ ላም አይገዛበትም። ያኔ አረቦኑ ርካሽ ቢሆንም አይገባም። መፍትሔው ዋጋ መቀነስ ሳይሆን ጣሪያውን ማንሳት ነው፤ አረቦኑ አብሮ ቢጨምርም።

የሚያስቸግረው በአንዴ መክፈሉ ከሆነ ደግሞ ከወተት ሽያጩ ላይ ማኅበሩ በየሳምንቱ እንዲቆርጥ መነጋገር ይቻላል። በጾም ሳምንታት ሳይቆረጥ በፍስክ እንዲቆረጥ ሆኖ።

ደረጃ 9፦ አንዱን ብቻ ቀይሩ

ምክንያቱን ካገኛችሁ በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስተካክሉ። የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። አንድ ለውጥ፣ በተወሰኑ ቀበሌዎች፣ ለአራት ወይም ለስድስት ሳምንት። ተመሳሳይ የሆኑ ሌሎች ቀበሌዎችን ሳትነኩ ተዉአቸው። ሐኪሙን በሳምንት ሁለት ቀን የመደባችሁባቸው ቀበሌዎች ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው ከተመለሱና ሌሎቹ እንደነበሩ ከቀሩ ለቀሪዎቹም መድቡ። ሁለቱም አብረው ከተነሱ ጾሙ ተፈትቶ ሊሆን ይችላል።

ያልተከፈለ ካሳ ግን በሙከራ አይቆይም። የሚገባው ሰው እንደታወቀ ይከፈለው፤ ሲከፈልም ከተቻለ ጎረቤቶቹ ባሉበት በማኅበሩ ቢሮ ይሁን።

ከዚህ ጎን ለጎን አንድ ደብተር ክፈቱ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እየጻፋችሁ ቅጹ የተቀየረበትን፣ ኔትወርክ የጠፋበትን፣ ሐኪሙ ዘመቻ የወጣበትን፣ ካሳ የተከፈለበትንና የተከለከለበትን፣ ጾም የገባበትንና የተፈታበትን መዝግቡ። በሳምንት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ደብተሩን የሚይዝ አንድ ሰው በስም ይመደብ፣ ፈቃድ ሲወጣም ለሌላ ያስረክብ።